ፕላኔታሪየም ሲኒማ ቤት አይደለም፦ ጎብኚ ቤተሰቦች የሚሳሳቱባቸው ነገሮችና እውነታው

በፕላኔታሪየም ጉልላት ሥር ቆሜ የሌሊቱን ሰማይ ለጎብኚዎች ማስረዳት ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ከወላጆች አንደበት ደጋግሜ የሰማሁትና ዛሬም ስሰማው የሚያንገበግበኝ አንድ አባባል አለ፤ «ያው ትልቅ ሲኒማ ነው» የሚለው። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ቀለል ያሉትን ላስቀድም።

ብዙ ቤተሰብ ፕላኔታሪየም በቴሌስኮፕ ኮከብ የሚታይበት ቦታ ይመስለዋል። ያ የሥነ ፈለክ ምልከታ ጣቢያ ነው። ፕላኔታሪየም ሰማዩን በጉልላቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በብርሃን የሚያሳይ አዳራሽ በመሆኑ በጠራራ ፀሐይም ሆነ በዝናብ ቀን ሥራው አይስተጓጎልም፤ ደመና ስላለ ብቻ ጉብኝት መሰረዝ አያስፈልግም። ከኮከብ ቆጠራ ጋር የሚያምታቱትም አሉ፤ በዚህ ቤት የማንም ዕጣ ፈንታ አይነበብም።

«ይሄ የልጆች ነው፣ እኛ ውጭ እንጠብቃለን» የሚሉ ወላጆች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የሞርሄድ ፕላኔታሪየም እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1975 ድረስ ጠፈርተኞች የሚሠለጥኑበት ቦታ ነበር። የአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ጠፈርተኞች በጉዞ ላይ አቅጣጫቸውን በኮከቦች ለመለየት የሚያስችላቸውን ዕውቀት ያዳበሩት እንዲህ ባለ ጉልላት ሥር ተቀምጠው ነው።

ኮከቦቹ ለጌጥ የተረጩ ነጥቦች ናቸው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ቫልተር ባወርስፌልድ የተባለው መሐንዲስ በካርል ዛይስ ኩባንያ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1923 በሙኒክ የታየው የመጀመሪያው ዘመናዊ የፕላኔታሪየም ፕሮጀክተር 4,500 ያህል ኮከቦችን በየቦታቸው ያሳይ ነበር፤ ሆኖም የሚያሳየው ከሙኒክ ኬክሮስ የሚታየውን ሰማይ ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ዲጂታል መሣሪያዎች የየትኛውንም አገርና የየትኛውንም ቀን ሰማይ አስልተው ያወጣሉ። ጊዜ ሲኖር ልጃችሁ የተወለደበትን ሌሊት ሰማይ እንዲያሳያችሁ አስረጂውን ጠይቁ፤ እኔ ይህን ጥያቄ ስቀበል ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። በሲኒማ ቤት ጨለማው ሥዕሉ ጎልቶ እንዲታይ ይረዳል እንጂ ጥቂት ብርሃን ቢገባ ፊልሙ አይጠፋም። በፕላኔታሪየም ግን ጨለማው ራሱ የሥራ መሣሪያችን ነው። ሰው ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ የዐይኑ ብሌን ወዲያው መስፋት ይጀምራል፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የሬቲና (በዐይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሕዋሳት ግን ጨለማውን በደንብ እስኪለምዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ። የአዳራሹን መብራት ቀስ በቀስ የምንቀንሰው፣ ደማቆቹን ኮከቦች አስቀድመን ፈዛዞቹን የምናዘገየውም ለዚህ ነው። ፍኖተ ሐሊብን፣ ማለትም ሰማዩን እንደ ነጭ ጭጋግ የሚያቋርጠውን የኮከቦች መቀነት፣ ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ዐይን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋልና።

አንድ ቅዳሜ፣ ፍኖተ ሐሊብ ጉልላቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ በታየበት ሰዓት፣ ዘግይተው የመጡ አባት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ገቡና መቀመጫ ለመፈለግ የስልካቸውን መብራት አበሩ። ከፊቴ የሰባት ዓመት ገደማ የምትሆን ልጅ ጣቷን ወደ ላይ ዘርግታ ያንን ነጭ ጭጋግ በዝግታ እየተከተለች ነበር። መብራቱ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ጣቷ ባለበት ቆመ። «እማዬ፣ ጠፋ» አለች። ጉልላቱ ላይ የጠፋ ነገር አልነበረም፤ የጠፋው የእርሷ ዐይን ሩብ ሰዓት ሙሉ ያጠራቀመው ዝግጅት ነበር። ትዕይንቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ስለቀረው ዳግመኛ ሳታየው ወጣች። አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲኒማ ቤት የለመዱትን አደረጉ እንጂ። እኔን የሚያናድደኝም ልማዱን ያመጣው ይኸው አባባል ነው።

ስለዚህ ከሲኒማ ልማዳችሁ የምትተዉት ብዙ ነው። ትዕይንቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ስልኩን ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ አጥፉት፤ የሚያበራ ሰዓትና የልጆች መብራት ያለው ጫማም ተሸፍኖ ይቀመጥ። ወንበሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ በተደረደሩበት አዳራሽ የፊተኛውን ረድፍ አትሽቀዳደሙበት፤ ከመሐል ወደ ኋላ ያለው ወንበር አንገት ሳያደክም አብዛኛውን ሰማይ ያሳያል።

ሕፃን ልጅ ያላችሁ ደግሞ ለዕድሜው የተዘጋጀ አጭር ትዕይንት መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መብራቱ እንደሚጠፋ ቤት ሳላችሁ ንገሩት፤ ከበር አጠገብም ተቀመጡ። ቢያለቅስ ይዞ መውጣት ነውር የለውም፤ የሚያውከን ለማባበል ተብሎ የሚከፈት ስልክ ነው።

ሰማዩ በፍጥነት ሲዞር ወንበሩ የሚንቀሳቀስ መስሏቸው የሚደነግጡ ልጆችም አሉ። ወንበሩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ዐይን «እየሄድን ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ቆመናል» ስለሚል የሚፈጠር ማዞር ነው። ልጁ ዐይኑን ለጥቂት ጊዜ ጨፍኖ የወንበሩን መደገፊያ በእጁ አጥብቆ ይያዝ፤ ማዞሩ ሲለቀው ቀና ብሎ ማየቱን ይቀጥላል።