ከላይ አራት ብርድ ልብስ፣ ከታች ባዶ፦ ጓሳ ላይ ስለማደር የሚነገሩ ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ያለውን መንዝ ጓሳን በእግር አቋርጦ ሁለት ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ለማደር የተነሳ ሁሉ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ብርዱ አይቻልም፣ ብርድ ልብስ ጨምር።» ብርዱስ እውነት ነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ድንኳኑ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። መፍትሔው ግን ብርድ ልብስ መደራረብ አይደለም።

ሙቀታችሁን የሚወስደው መሬቱ ነው። ብርድ ልብስም ሆነ ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በያዘው አየር ነው። ስትተኙበት የጀርባችሁ ክብደት ይጨፈልቀዋል፣ አየሩ ይወጣል፣ የሚቀረው ጨርቅ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አራት ብርድ ልብስ ተሸክሞ ስስ ምንጣፍ ላይ የተኛ ሰው ሲገላበጥ የሚያነጋው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከታች። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ያለው ጠጣር ስፖንጅ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ይዘርጋ። የፍራሽ ለስላሳ ስፖንጅ አይሆንም፤ ይጨፈለቃል፣ እርጥበትም ይመጥጣል። ተራው የሚነፋ ፍራሽ ለብቻው አይበቃም፤ ውስጡ ያለው አየር እየተዘዋወረ የመሬቱን ቅዝቃዜ ያደርሳል፣ ስፖንጅ ይደረብበት። ብርድ ልብሳችሁ ሁለት ከሆነ አንዱን አጥፋችሁ ከታች አንጥፉት። ባና ካገኛችሁ የታችኛው እሱ ይሁን፤ የበግ ጠጉር ቶሎ አይጨፈለቅም። የጓሳ ሣር አጭዶ መጎዝጎዝ ግን አይታሰብም! ሣሩ ባለቤት አለው፤ የአካባቢው ሰው ሣሩን በጋራ ይጠብቅበት ከነበረው ከጥንቱ የቄሮ ሥርዓት ጀምሮ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነው።

ረባዳ ውስጥም አትትከሉ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። ጥቂት ሜትር ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ፈልጉ። ድንኳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ያሞቃል የሚባለውም ውሸት ነው፤ እስትንፋሳችሁ ጣሪያው ላይ ጠል ይሆንና ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል። የአናቱ መስኮት አራት ጣት ያህል ይከፈት።

«ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም» የሚለው ደግሞ ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ያለቀ ፍምም ያወጣዋል። መስኮት ተከፈተም አልተከፈተም፣ ማንደጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም።

አረቄ የሚያሞቀው ቆዳን ነው፤ ደሙ ወደ ቆዳ ሲወጣ የውስጡን ሙቀት ለብርዱ ያስረክባል።

«የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምዷል» ይላሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ጓሳ ሲደርሱ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ተጨምሯል። ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት አድራችሁ ውጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ ከዚያ በላይ መውጣት የለም፤ ከባሰ መውረድ ነው።

የተራራ ምንጭ ንጹሕ ነው? ከበላዩ በግ ተሰማርቷል። ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ግድም ነው፤ ለመጠጥ ሦስት ደቂቃ መንተክተኩ ይበቃል። ባቄላና ሽምብራ ግን ጋዛችሁን ጨርሶም አይበስልም፤ በሶ፣ ድርቆሽና ሽሮ ያዙ።

ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር በሊታ ነው፤ ካልተጠጋችሁት አይነካችሁም። የሚያሰጋው የእረኛ ውሻ ነው። ሲመጣ አትሩጡ፤ ባላችሁበት ቁሙና እረኛውን ተጣሩ።