ዡጅማን ሱፕሌቲፍ ምንድን ነው?

ከዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያመለክት ሰው፣ ቤተሰቡን ለመቀላቀልም ይሁን ለትምህርት ወይም በዲቪ፣ ከሚያቀርባቸው ወረቀቶች ሁሉ ብዙ ጥያቄ የሚያስነሣበት የልደት ማስረጃው ነው። ይህ ማስረጃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ በፈረንሳይኛ «ዡጅማን ሱፕሌቲፍ» የሚባል የፍርድ ቤት ውሳኔ አብሮት ይያያዛል። በአማርኛ የተለመደ ስም ባይኖረውም «ማሟያ ፍርድ» ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል፤ በጊዜው መጻፍ ሲገባው ሳይጻፍ የቀረውን የልደት መዝገብ ዳኛ በፍርድ የሚሞላበት ውሳኔ ነውና።

የኮንጎ የቤተሰብ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቶ በ2016 ተሻሽሏል። በተሻሻለው ሕግ መሠረት ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ለክብር መዝገብ ሹም መነገር አለበት። («የክብር መዝገብ ሹም» የሚለውን ስያሜ የእኛን የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ ያነበበ ያውቀዋል፤ የኮንጎው ሹምም ሥራው ያው ነው።) ጊዜው ካለፈ ግን ሹሙ በራሱ ሥልጣን ልደቱን መዝግቦ ምስክር ወረቀት መስጠት አይችልም፤ ፍርድ ቤት ማዘዝ አለበት። ስፋቱ ከ2.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነና ብዙው መንገዱ ወንዝ ወይም የእግር መንገድ በሆነ አገር፣ ከመንደር ተነሥቶ ሹሙ ዘንድ ለመድረስ 90 ቀን እንኳ የማይበቃው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ከተማ ውስጥም ቢሆን ብዙ ወላጆች ሆስፒታሉ የሰጣቸውን የልደት ማስታወቂያ እንደ ምስክር ወረቀት ቆጥረው ያስቀምጡታል፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ልጁ አድጎ ቪዛ ሲጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በተካሄደው የቤተሰቦች ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። አገሪቱ የመጨረሻውን የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት አዋቂው ዜጋ እንደ መታወቂያ ሲጠቀምበት የኖረው የመራጭነት ካርዱን ነው። እንግዲህ ማሟያ ፍርድ በኮንጎ ለየት ላለ ችግር የተዘጋጀ መፍትሔ ቢመስልም፣ በተግባር የብዙኃኑ መንገድ ሆኗል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ባለጉዳዩ ወይም ወላጁ ልደቱ መመዝገብ በነበረበት ቦታ ለሚገኘው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ያመለክታል፤ ባለጉዳዩ ለአካለ መጠን ካልደረሰ የሕፃናት ፍርድ ቤት፣ አዋቂ ከሆነ ደግሞ «የሰላም ፍርድ ቤት» የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ችሎት ጉዳዩን ያያል። የሆስፒታል ወረቀት፣ የጥምቀት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ ካለ ይቀርባል፤ ከሌለም ልደቱን የሚያውቁ ምስክሮች ይሰማሉ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ይግባኝ እንዳልተጠየቀበት የሚያረጋግጥ ወረቀት ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይወጣል፤ የክብር መዝገብ ሹሙ ሁለቱን ተቀብሎ ልደቱን በመዝገብ ይጽፋል፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንም የፍርዱን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ ይሰጣል። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ መታየት ያለባቸው ሦስት ወረቀቶች ናቸው፤ ፍርዱ፣ ይግባኝ አለመኖሩን የሚገልጸው ማረጋገጫ እና ምስክር ወረቀቱ። ከሦስቱ መካከለኛው በብዛት ይረሳል፤ እርሱ ከሌለ ደግሞ ፍርዱ የጸና መሆኑ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ወረቀቶቹን ኪንሻሳ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥና፣ እንግሊዝኛ ለሚጠቀሙ አገሮች ከፈረንሳይኛ ማስተርጎም፣ አድካሚና ወጪ የሚጠይቁ ቢሆኑም ሥርዓታቸው የታወቀ ነው።

ከባዱ ጉዳይ የሚመጣው ወረቀቱ የቆንስላ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተወለደ ሰው ምስክር ወረቀቱ በ2022 የተጻፈ ሆኖ ይገኛል፤ ለኮንጎ ሕግ ይህ ፍጹም ትክክል ነው፣ ለውጭው መርማሪ ግን ለቪዛው ሲባል የተሠራ ሊመስለው ይችላል። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 47 በውጭ አገር የተሰጠ የክብር መዝገብ ጽሑፍ እንዲታመን ያዛል፤ ነገር ግን ሌሎች ሰነዶች ወይም በጽሑፉ ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ሐሰት መሆኑን ካሳዩ እምነቱ ይቀራል። አሜሪካም ዘግይቶ የተመዘገበ ልደትን አትጥልም፣ ነገር ግን በጊዜው ለተመዘገበው የምትሰጠውን ክብደት አትሰጠውም፤ የቆዩ ተጨማሪ ማስረጃዎችን ትጠይቃለች። በእኔ አመለካከት ብዙ ፋይል የሚወድቀው ፍርዱ ዘግይቶ ስለ ወጣ ሳይሆን ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ስለማይስማማ ነው፤ ዳኛው የጻፈው የትውልድ ቀን ከጥምቀት ካርዱ በሁለት ዓመት ሲለይ፣ ወይም የእናት ስም በፓስፖርት ማመልከቻው ላይ በሌላ አጻጻፍ ሲገኝ፣ እውነተኛው ሰው እንደ አጭበርባሪ ይታያል። በፍርድ ቤቶች አካባቢ ፍርድ በአንድ ቀን አወጣለሁ የሚል ደላላ አይጠፋም፤ የእርሱ ወረቀት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቁጥሩ ሲፈለግ ስለማይገኝ፣ ባለጉዳዩ ከመጀመሪያውም ባያመለክት የተሻለ በሆነለት ነበር።

ስም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ኮንጎአዊ ሦስት ስም አለው፤ ኖም (ዋናው ስም)፣ ፖስትኖም (ከኖሙ ቀጥሎ የሚመጣው ስም) እና ፕሬኖም (እንደ ክርስትና ስም ያለው መጠሪያ)። ፖስትኖም የመጣው የያኔው ፕሬዚዳንት ሞቡቱ እ.ኤ.አ. በ1972 የክርስትና ስሞችን አስቀርቶ ዜጎች የአያት ቅድመ አያት ስም እንዲይዙ ባዘዘ ጊዜ ነው፤ ራሱም ጆዜፍ ዴዚሬ መባሉን ትቶ ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ ተባለ። በዚያ ዘመን የተወለደ ሰው በትምህርት ቤት ወረቀቱ ፕሬኖም ላይኖረው ይችላል፤ የዛሬው ማሟያ ፍርዱ ግን ቤት ውስጥ ሲጠራበት የኖረውን «ዣን» ወይም «ማሪ» ጨምሮ ይጽፋል። ሁለት ሣጥን ብቻ ባለው የውጭ ቅጽ ላይ ፖስትኖሙ የት እንደሚገባ አንድ ወጥ ልማድ ስለሌለ፣ ወንድማማቾች በተለያየ የቤተሰብ ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። የአባቱንና የአያቱን ስም «የቤተሰብ ስም» በሚል ሣጥን ውስጥ ለመክተት የተቸገረ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጥርጣሬው ካልተፈታ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ይመጣል፤ የቤልጅየም ቆንስላዎች በቤተሰብ መቀላቀል ጉዳይ ይጠቀሙበታል። ምርመራው ልጅነትን ያረጋግጣል እንጂ የተወለደበትን ቀን አይናገርም። ልጅ የሚባለው በአሜሪካ ሕግ ያላገባና ከ21 ዓመት በታች የሆነ፣ በቤልጅየም ቤተሰብ መቀላቀል ደግሞ በመሠረቱ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ስለሆነ፣ አከራካሪው ዕድሜ በሚሆንበት ጊዜ ጉዳዩ ተመልሶ በማሟያ ፍርዱ ላይ ይወድቃል።

በኡጋንዳው ናኪቫሌ ወይም በታንዛኒያው ንያሩጉሱ መጠለያ የሚኖር ኮንጎአዊ ስደተኛ ግን ሌላ ሁኔታ ውስጥ ነው። እርሱ የመንግሥቱን ጥበቃ አጥቶ የተሰደደ ስለሆነ ወደ አገሩ ባለሥልጣን ሄዶ ወረቀት እንዲያወጣ አይጠበቅበትም፤ እንዲያውም እንዲህ ማድረጉ ወደ አገሩ ጥበቃ ተመልሷል ለሚል ጥያቄ ሊያጋልጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 25 የሚኖርበት አገር ባለሥልጣናት ከአገሩ ማግኘት የነበረበትን ሰነድ ራሳቸው እንዲሰጡት ወይም እንዲያሰጡት ያዛል። ወደ ሦስተኛ አገር በመልሶ ማስፈር ሲሄድም ዋናው መረጃ በስደተኛነት ሲመዘገብ የሰጠው ቃል ነው። ያን ጊዜ ቀኑን ባለማወቅ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ የተጻፈለት ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ልጁን ለማስመጣት ዘመዱን ወደ ኮንጎ ልኮ ፍርድ ሲያስወጣ በሌላ የትውልድ ቀን ከወጣለት፣ ሁለት ይፋ ሰነዶች እርስ በርስ ይካሰሱበታል። እንዲህ ያለው ሰው አዲሱን ፍርድ ከማቅረቡ በፊት ልዩነቱን በጽሑፍ ማስረዳት፣ የመጀመሪያው ቀን በግምት የተጻፈ መሆኑንም መግለጽ ይኖርበታል፤ መርማሪው ራሱ ሲያገኘውና አመልካቹ አስቀድሞ ሲነግረው የሚሰጠው ትርጉም አንድ አይደለም።