ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ምንድን ነው? ለቆየ የጆሮ ጩኸትስ ይሆናል?

አጎቴ ባሕር ዳር ውስጥ ወፍጮ ቤት ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ጆሯቸው ከደከመ ቆየ። ማታ ማታ ደግሞ ጭው ይልባቸዋል። «ሞተሩ ጠፍቶም አይተወኝ» ይላሉ። ሰሞኑን ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ደውላ «አባዬ፣ በኦክስጅን ያክማሉ አሉ» አለቻቸው። ጣና ዳር ሻይ ስንጠጣ ጠየቁኝ።

ውሃውን አሳየኋቸው። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። እታች የሚወርድ ሰው ላይ ያለው ግፊት ዳር ላይ ካለው ከሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ሃይፐርባሪክ የሚሉት ክፍል ይህንን ግፊት ያለ ውሃ የሚፈጥር የታሸገ ክፍል ነው። ታካሚው እዚያ ገብቶ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። የምንተነፍሰው አየር ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ኦክስጅኑ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ በብዛት ይሟሟና እጥረት ወዳለበት ቦታ ይደርሳል። በከሰል ጭስ ለተመረዘ ሰውም ይሰጣል።

ለጆሮ ግን ዋናው ነገር ጊዜ ነው። በ2019 የወጣው የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ መስማት ድንገት ሲጠፋ ይህ ኦክስጅን በ2 ሳምንት ውስጥ ስቴሮይድ ከሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ጋር ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል። ስቴሮይዱ ብቻውን ካልሠራ እስከ 1 ወር ድረስ ይሞከራል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ጠዋት ስትነሱ አንድ ጆሯችሁ ዝም ካለ «ኩክ ነው» ብላችሁ ዘይት እየጨመራችሁ አትክረሙ። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው።

የአጎቴ ግን ሌላ ነው። በውስጥ ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ደቃቅ ፀጉር ያላቸው ሴሎች አሉ። የወፍጮ ጩኸት ዓመት ከዓመት ይገድላቸዋል። የሰው ልጅ ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ኦክስጅንም አያስነሳቸውም። ጭውታውም በአብዛኛው አንጎል የጎደለበትን ድምፅ ለማካካስ ሲል የሚፈጥረው ነው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በ2012 ጥናቶችን አሰባስቦ ያወጣው ግምገማም ለቆየ የመስማት ችግርና ለጆሮ ጩኸት ጥቅም አላገኘበትም። ክፍሉ ራሱም ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። አውሮፕላን ሲወርድ ጆሮ እንደሚደፈነው ያለ ነው፣ ግን ይብሳል።

ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ እኔንም ከፋኝ። ልጃቸው ለዚህ ብላ ገንዘብ ልትበደር ነበር። «ለመስሚያ መሣሪያ ይሁን» አልኳቸው። መሣሪያው የጎደለውን ድምፅ ሲመልስ ጭውታውም ብዙ ሰው ላይ ይቀላል። እስከዚያው ግን ማታ ሬድዮውን ዝቅ አድርገው ከፍተው ይተኛሉ። ፍጹም ጸጥታ ሲሆን ነው የሚብሰው።