ሥርወ መንግሥት ምንድን ነው? የፖለቲከኛ ቤተሰብስ?

ሰሞኑን አንድ የፖለቲካ ተንታኝ ስለ ኬንያ ሲናገሩ «የኦዲንጋ ሥርወ መንግሥት» የሚለውን ሐረግ ደጋግመው ሲጠሩ ሰማሁ፤ ቀጥለውም የጅማውን ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋርን የልጅ ልጅ፣ የእኛን አባ ጆቢር አባ ዱላን «ሌላው የሥርወ መንግሥት ፖለቲከኛ» ብለው እዚያው መደብ ውስጥ አስገቧቸው። ጅማ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ይህንኑ ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምርበት ዓመታት ስላለፉ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ሥርው» በግእዝ ሥር ማለት ነው። ሥርወ መንግሥት ስንል፣ መንግሥቱ ራሱ ሥሩን የተከለው በአንድ ዘር ውስጥ ነው ማለታችን ነው፤ ሥልጣኑ የዘሩ ንብረት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚወለዱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ለዘለዓለም ተወስኖ እንደሚኖር ሲደነግግ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። በሥርወ መንግሥት ውስጥ ጠብ የለም ማለት አይደለም። ወንድማማቾች ይጣላሉ፣ አጎት ከወንድሙ ልጅ ይሻማል፤ የሚጣሉት ግን «ከእኛ ማን ይንገሥ?» በሚለው ላይ ነው። «እናንተስ ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሥልጣኑ የግድ ከአባት ወደ ልጅ መሄድም የለበትም፤ ጅማ ላይ ከአባ ሬቦ በኋላ የነገሡት የአባታቸው ወንድም አባ ቦቃ ናቸው፣ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ልጃቸው አባ ጎሞል።

ቃሉ እንዴት ያለቦታው እንደገባ መገመት አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ2022ቱ የኬንያ ምርጫ ዊልያም ሩቶ ራሳቸውን ጥሮ ግሮ አዳሪ፣ ተቀናቃኞቻቸውን ደግሞ የትልልቅ ቤተሰብ ልጆች አድርገው ቀሰቀሱ። ለእነዚያ ቤተሰቦች የዋለው «ዳይናስቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ንጉሣዊ ዘርንም ስመ ጥር ቤተሰብንም ስለሚሸከም፣ ተርጓሚዎቻችን መዝገበ ቃላቱ ላይ ፊት ለፊት ያገኙትን አነሡ። ጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ የኬንያ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በ1966 ለቀቁ። ልጃቸው ራይላ ከ2008 እስከ 2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ፤ ለፕሬዚዳንትነት ግን አምስት ጊዜ ተወዳድረው አንድ ጊዜም አልተሳካላቸውም። አባትም ልጅም ያልተቀመጡበት መንበር ላይ ምን ሥርወ መንግሥት ይተከላል? ተንታኙ «ስሙ እኮ ሠርቷል» ይሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ሠርቷል፤ ሕዝብ ሰብስቧል፣ ወዳጅ አፍርቷል፣ በር ከፍቷል። መራጩ «አይሆንም» ሲል ግን ስሙ መልስ አልነበረውም።

በጓሯችን ካለው ነገር ላስረዳ። እናቴ እንሰት ስታባዛ ፍሬ አትፈልግም። ጥቂት ዓመት የቆየች እናት እንሰት ትመርጥና ግንዷን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታ ትቆርጠዋለች፤ ከዚያም የመሐሉን እምቡጥ በቢላ ጎርጉራ ታወጣና ጉድጓዱን በፍግና በአፈር ትደፍነዋለች። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ከአሚቾው፣ ማለትም መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ሥሯ፣ ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ሥርወ መንግሥት ይህ ነው፦ መሐሉ ሲነሣ ተተኪው ከዚያው አካል ይፈልቃል፣ ሽሚያውም ከአንድ አሚቾ በወጡት መካከል ነው። ቡና ግን እንዲህ አይደለም። ፍሬው ከጥሩ እናት ዛፍ ይለቀም እንጂ መደብ ላይ ይፈላል፣ ሌላ ሰው ይመርጠዋል፣ በሌላ ሰው ማሳ ይተከላል፤ አፈሩና ጥላው ካልተስማሙት የእናቱ ዝና ከመድረቅ አያድነውም። የፖለቲከኛ ቤተሰብ ልጅ እንደ ቡናው ነው። ንጽጽሩን ከዚህ በላይ መግፋት ግን አልወድም፤ የእንሰት ቡቃያ የእናቱ ቁርጥራጭ በመሆኑ ቁርጥ እሷን ይመስላል፣ የንጉሥ ልጅ ግን አባቱን ላይመስል ይችላል።

አሁን ወደ አባ ጆቢር እንመለስ። አያታቸው ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 በጅማ ነገሥታት መቀመጫ በጅሬን ሲነግሡ ከውጭ ያስፈቀዱት ማንም አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስከበሩ። ግብሩ ቀላል አልነበረም፤ በ1928 የተጠየቁት 87,000 ማሪያ ቴሬዛ ብር ሲሆን ለሠራዊቱ ደግሞ ሌላ 15,000 ነበር። ገባር ንጉሥ ሥርወ መንግሥት አለው ወይ ለሚለኝ፣ ወራሹን የሚሰይመው የራሱ ቤት እስከሆነ ድረስ አለው እላለሁ። አባ ጅፋር በእርጅና ሲደክሙ በ1930 ገደማ አገሩን የያዙት አባ ጆቢር ግን ያገኙት ዙፋን ቁልፉ አዲስ አበባ ነበር። ገቢውን ለራሳቸው ሠራዊት ማጠናከሪያ ሊያውሉት ነው ተብለው ተከሰሱ፤ በ1932 ማዕከላዊው መንግሥት ወታደሮችንና አስተዳዳሪዎችን ልኮ የጅማን መንግሥት አፈረሰ፣ እሳቸውም ታሰሩ። ከ1936 በኋላ ጣልያን ፈትቶ ሱልጣን አላቸው። በ1941 ጣልያን ሲባረር ደግሞ ዳግመኛ ታሰሩ።

ተንታኙ ይህን ሁሉ የሥርወ መንግሥቱ ጥንካሬ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት፤ እኔ የማየው ማብቂያውን ነው። ሰጪውም ነሺውም ከውጭ ሆኗል። ጣልያን ከሌላው ሰው ይልቅ እሳቸውን የፈለገው ስማቸው በጅማ ሕዝብ ዘንድ ክብደት ስላለው ነው፤ ይህ ደግሞ የስመ ጥር ቤተሰብ ልጅ ያለው ሀብት ነው እንጂ የንጉሥ መብት አይደለም። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ወራሽ የነበረው ሰው ተሿሚ ፖለቲከኛ ሲሆን ለማየት ከሳቸው የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አንባቢ እንዳይሳሳት ሁለት ነገር ላክል። ከላይ ያሉት ከ1948ቱ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ በአንዱ መጽሐፍ 1924፣ በሌላው 1932 ብታገኙ የምትናገሩት ስለ አንድ ዓመት ነው። «አባ ጅፋር» ማለትም የጅፋር አባት ማለት አይደለም፤ የፈረስ ስም ነው። ከስሙ ተነሥቶ የትውልድ ሐረግ የሚስል ሰው ፈረሶችን ከልጆች ጋር ይቆጥራል።

አማርኛችን ልዩነቱን በግሦቹ አስቀምጦልናል፦ መንገሥና መሾም። «አባ ጆቢር በ1936 ነገሡ» የሚል የፈተና ወረቀት ሲገጥመኝ የመጨረሻውን ቃል እሰርዝና በላዩ «ተሾሙ» ብዬ እጽፍበታለሁ።