የደሴ ምግብ ቤቶች

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ጥሩ ምግብና ደስ የሚል ቤት ፈልጎ ወደ ከተማዋ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያገኘው የቤት ስም ሳይሆን ጥያቄ ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «ምግብ የሚጣፍጥበት ቤት አድርሰኝ» ቢል፣ ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት «ጾም ነው ፍስክ፣ ወንድሜ?» ይለዋል፤ ተሳፋሪዎቹ ሁለት ከሆኑ ደግሞ «ከአንድ ትሪ ነው የምትበሉት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የደሴን ምግብ ቤቶች ለመረዳት ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሻለ መነሻ የለም፤ ቀኑና አብሮ የሚበላው ሰው ሳይታወቅ፣ በደሴ ይሄ ቤት ከዚያ ይሻላል ማለት አይቻልምና።

ጉዳዩ የቆየ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ በ1870 ዓ.ም. እዚያው ደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት፣ ደሴን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ ትልቅ የግብር አዳራሽ አሠርተው ስሙን «አይጠየፍ» አሉት። አዳራሹ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ስሙ እንደሚናገረው ደሃ ከሀብታም፣ ሙስሊም ከክርስቲያን ሳይለይ የመጣውን ሁሉ የሚያስተናግድ ቤት ነበር። ይሁን እንጂ አለመጠየፍ ማለት አንድ ዓይነት ሥጋ መብላት ማለት አይደለም። እስከ ዛሬ ድረስ በወሎ ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በራሳቸው ሰው እጅ የሚታረድ በሬ ወይም በግ ለይቶ ይሰጣል፤ የሚደግሰው ሙስሊም ከሆነም ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ግብዣው አንድ፣ እርዱ ሁለት ነው።

የከተማዋ ምግብ ቤቶችም በዚሁ ልክ የተሰፉ ናቸው። በሥጋ ቤቶችና በብዙ ምግብ ቤቶች በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ተሥሎ ይታያል፤ ምልክቱ ቤቱ ውስጥ የሚቀርበው ሥጋ በማን እጅ እንደታረደ ከመናገር ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚል ማስታወቂያ አይደለም። ምልክት የሌለበት ቤት ሲያጋጥም አስተናጋጁን «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ በሌላ ከተማ እንደ ድፍረት ሊቆጠር የሚችለው ይህ ጥያቄ ደሴ ላይ ዳቦው ትኩስ ነው ወይ ከማለት የተለየ አይደለም። አስተናጋጁም ሳይከፋው ይመልሳል፤ የጠያቂውን ፈቃድ ገምቶ «እዚያ ማዶ ያለው ቤት ይሻላችኋል» ብሎ ደንበኛውን ወደ ሌላ ቤት የሚልክበት ጊዜም አለ።

በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖቶች በሚገኙበት፣ ጓደኛሞች ከሁለቱም ወገን ተደባልቀው በሚውሉበት ከተማ ግን ከአንድ ትሪ መብላት የግድ ነው። መፍትሔው እርድ የማይነካው ምግብ ነው። ሽሮ፣ የጾም በያይነት፣ እንቁላል፣ አይብና ዓሣ የማንም ቢላዋ ስለማይለያያቸው የጋራ ናቸው፤ በመሆኑም በደሴ የጾም ምግብ የሚበላው በጾም ቀን ብቻ አይደለም። በፍስክ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አራት አምስት ሰው ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ሱፍ ፍትፍት የተደረደረበትን ትሪ ከብቦ ቢታይ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሌላውን እያከበረ ነው ማለት ይቻላል። የከተማዋ የጾም ምግብ ማለፊያ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ምግብ በጾም ቀናት ብቻ ከሚሠራ ምግብ ይልቅ እጅ ይለምደዋል።

የዚህ ዋና መድረክ ሽሮ ቤት ነው። ሽሮ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ጠረጴዛ ብቻ ያለው፣ ማድ ቤቱ ከመመገቢያው በመጋረጃ የተለየ ጠባብ ቤት ነው። ተጋቢኖው በትንሽ የሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ ከምድጃው ከወረደ በኋላም ጠርዙ ላይ የሚፈነዳው አረፋ ለጥቂት ጊዜ አይቆምም፣ ደንበኛው በዚያ መካከል ቃሪያውን እየቆረሰ ይጠብቃል። ጥሩ ሽሮ ቤት የሚታወቀው በዱቄቱ ቅመም ብቻ አይደለም፤ ሥጋ የሚገባበትን ቦዘና የምትሠራው ሴት ለእሱ የተለየ ድስትና የተለየ ማማሰያ ካላት፣ ቤቱ የጋራ ምግብ ምን እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው። ቤቱን መፈተን የሚፈልግ ሰው ከማዘዙ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ምድጃው አሻግሮ ቢመለከት ይበቃዋል።

የአየሩ ጠባይም ምግቡ ላይ የራሱ እጅ አለበት። በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በመሆኑ ክክና ባቄላ ለመብሰል ከቆላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ለምሳ የሚደርስ ክክ ወጥ በጠዋት ካልተጣደ ከጥርስ ሥር ይንቋቋል። በክረምት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍን፣ ሊጥም ለመቡካት ይዘገያል። ብርዱን የሚያውቁ ጋጋሪዎች ሊጡን ምድጃው አጠገብ ያሳድራሉ ወይም እርሾ ይጨምራሉ፤ ይህን ያልጠበቀ ቤት ዓይኑ ያልበዛ፣ ደረቅ ያለ እንጀራ ያቀርባል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ በደሴ ምግብ ቤት መጀመሪያ መታየት ያለበት ወጡ ሳይሆን እንጀራው ነው።

ከአየሩ ይልቅ ግን የሚገዛው የቀን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በእነዚህ ቀናት ጥብስ የሚሸትተው ከሙስሊም ምግብ ቤቶች ብቻ ነው። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ ወገን ማድ ቤት ሙሉ በሙሉ ወደ ዘይት ይዞራል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የሙስሊሙ ወገን ቤቶች ቀን ቀዝቅዘው ይውሉና ማምሻውን ይነቃሉ፤ በታላቁ የሸዋ በር መስጊድ አካባቢ ከመግሪብ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የሳምቡሳ መጥበሻው፣ የተምሩና የሾርባው ግርግር ከተማው ሌላ እንደሆነ ያስመስለዋል። ለማፍጠሪያ የሚቀርበው የአጃ ሾርባ፣ ጾም ያልያዘውንም አላፊ አግዳሚ ያስቆማል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለገቡ ሁለቱም ወገን አብሮ ጾመ፤ እንዲህ ባለ ወር ቀን ላይ ምግብ ቤት የሚፈልግ መንገደኛ ምርጫው ይጠብበታል፣ ማታ ግን በዓመት የማይገኝ ገበታ ይጠብቀዋል።

ቁርጥ ቤትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሕጉ አንድ ነው፣ እሱም ማልዶ መሄድ ነው። ሌሊት የታረደው ጠዋት ይሰቀላል፣ ሻኛውና ሽንጡ በምሳ ሰዓት ያልቃል፣ ከሰዓት የመጣ ሰው የሚቆረጥለት የተረፈው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ፣ በአምፖልና በመስተዋት አሸብርቆ ባገኘው ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ ቢያዝ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተሰቅሎ የከረመ፣ ላዩ የጠቆረ ሥጋ ቀርቦለት በአዋዜና በሚጥሚጣ ብዛት ለማለፍ ሞክሯል። በማግስቱ የሰማው ምክር «መብራቱን ሳይሆን መንጠቆውን እይ» የሚል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ መንጠቆው ባዶ የሆነ ቤት ጥሩ ቤት ነው።

ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ ለረጅም ጊዜ የአውቶቡስ መንገደኞች ማደሪያ ሆና ኖራለች። የቁርስ ቤቶቿ ጠባይ ከዚህ የመጣ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ሳይነጋ የሚከፈቱ ቤቶች አሉ፤ ፉል፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ጨጨብሳና በትልቅ ማንቆርቆሪያ የፈላ ቅመም የበዛበት ሻይ ያቀርባሉ። ፍጥነታቸው ለመንገደኛ ነው፤ ተረጋግቶ መብላት የሚፈልግ ሰው አውቶቡሶቹ እስኪወጡ ጠብቆ ቢገባ አስተናጋጁም ቤቱም ያው ሆኖ ሌላ ሰው ይመስለዋል። በፒያሳ በኩል ያሉት ኬክ ቤቶች ደግሞ፣ ልክ እንደ ሰፈሩ ስም፣ ከተማዋ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ከተያዘች በኋላ ከተረፈው ልማድ ጋር ይዛመዳሉ። ማኪያቶው ጥሩ ነው። ፓስታው ግን እንደ ኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በበርበሬ ስጎ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል፤ በእንጀራ ጠቅልሎ የሚበላውም አለ።

የቤት ድባብ ሲነሣ ወሎን ከሙዚቃ ለይቶ ማየት አይቻልም። የአማርኛ ዜማ ቅኝቶች ከሆኑት አራቱ፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አካባቢ ነው። ምሽት ላይ መሰንቆ የሚሰማባቸው ቤቶች ውስጥ እራቱ ሁለተኛ ነገር ነው፤ ሰው የሚሄደው ለግጥሙ ነው፣ አዝማሪው የእንግዳውን ስምና የመጣበትን አገር ጠይቆ ቅኔውን እስኪወረውርበት ይጠብቃል። በሌላ ወገን መጠጥ የማይሸጥባቸው፣ ቤተሰብ ከልጆች ጋር የሚመጣባቸው ጸጥ ያሉ ቤቶች አሉ። ምሳ ሰዓት ላይ እነዚህን ማስቀደም ይሻላል፤ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅለው የእንግሊዝ ኳስ በሚያስጮኹ ቤቶች ውስጥ የጨዋታ ወግ አይያዝም፣ ወሎዬ ደግሞ ሳያወጋ የበላውን እንደበላ አይቆጥረውም።

ቡና ብዙ ጊዜ ከምሳው ቤት ውጭ፣ ጥግ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዛ ከተቀመጠች ቡና አፍይ ዘንድ ይጠጣል። ዕጣኑ ላይ አደስ ይታከላል፤ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ሲወርድ መጀመሪያ ስኒ የሚያነሡት ትልቅ ሰው ይመርቃሉ። ምርቃቱ ላይ «አሚን» የሚለውም «አሜን» የሚለውም እኩል ይሰማል። ከበረካ በፊት ተነሥቶ መሄድ እንደ ጥድፊያ ብቻ ሳይሆን ምርቃት እንደ መናቅ ስለሚታይ፣ ቸኩያለሁ የሚል ሰው ባይቀመጥ ይመረጣል።

ምግብ ቤቶችን በስም መዘርዘር እዚህ ላይ የታለፈው ሆን ተብሎ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ ብዙ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ዕቃቸው ተዘርፏል፤ ሲከፈቱ ባለቤት የቀየሩ፣ ሰፈር የለወጡ፣ ስማቸውን ይዘው ወጥ ሠሪያቸውን ያጡ አሉ። ነዋሪውም ቢሆን የሚከተለው ታፔላውን ሳይሆን ወጥ ሠሪዋን ነው፤ «እሷ አሁን የት ገባች?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም የቤት ስም የተሻለ መሪ ነው።

ዓሣ ለሚፈልግ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ አለች። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ በጥብስም በጉላሽም ይቀርባል፤ ዓሣ ጾም ይገድፋል ወይስ አይገድፍም የሚለው ክርክር ሳይቋጭ በጾም ወራት ፈላጊው ይበዛል።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲወረድ ኮምቦልቻ ይደረሳል። ከፍታዋ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሞቃት ናት፤ ሊጡ ቶሎ ይቦካል፣ ጠረጴዛው ወደ ደጅ ይወጣል፣ የቢራ ፋብሪካው እዚያው በመሆኑም የምሽቱ ቢራ ከሩቅ አይመጣም። የኮምቦልቻ ምግብ ዳኞች በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው፤ ተሳቢዎች በተርታ የቆሙበት ምግብ ቤት ውስጥ ደረቅ ጥብሱ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ምግቡም ዋጋውም ለሁልጊዜ ደንበኛ የተመዘነ ነው። ከባቲ በኩል የሚመጣ የግመል ወተት የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ጭስ ጭስ የሚል ጣዕሙ የዕቃው ነው። በኮምቦልቻ እራት በልቶ ደሴ የሚያድር ሰው ግን ከሂሳቡ በፊት ወደ ሰማይ ማየት ይኖርበታል፤ ሐረጎን ጭጋግ ከሸፈነው ሚኒባሶቹ ቀድመው መውጣት ያቆማሉ፣ በልቶ የጠገበውም እዚያው አልጋ ይፈልጋል።