«ከወፍም የለች፣ ከአይጥም የለች»

ባለፈው በአንድ የማኅበር ስብሰባ ላይ ነው። ድምፅ ሲሰጥ አንድ ልጅ እጁን ሳያወጣ ቀረ። «ጉዳዩ በደንብ አልገባኝም» አለ፤ በቃ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «እንደ ሌሊት ወፍ፣ ከወፍም የለህ ከአይጥም የለህ!» አሉት። ቤቱ ሳቀ። እኔን ግን ከነከነኝ።

ተረቱን የማያውቅ የለም። የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ «እኔ አይጥ ነኝ፤ ጥርሴን እዩት» ትላለች። የአይጦቹ ሲመጣ ክንፏን ትዘረጋለች። ልብ በሉ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው ግብሩ ላይ ነው።

ከየት መጣ ካላችሁኝ፣ ተረቱን የፈጠረው ሰው የሌሊት ወፍን በእጁ ይዟት ያውቃል ባይ ነኝ። ከሩቅማ ወፍ ናት። ስሟም ወፍ ይላታል። ኦሪት ዘሌዋውያንም (11፥19) ከወፎቹ ጋር ነው የሚቆጥራት። አይጥ መምሰሏ የሚታየው ስትወድቅ ነው።

ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ጣራ ሥር የሌሊት ወፎች ይኖሩ ነበር። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እኛ ጠጠር ወደ ላይ እንወረውራለን። አንዷ ትምዘገዘግና ልትይዘው ስትል እጥፍ ብላ ትሄዳለች። ለካ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ እያሰማች፣ ነጥሮ የሚመለሰውን ታዳምጣለች፤ ጠጠሩ የሚበላ ነፍሳት መስሏት ነው።

አንድ ምሽት አንዷ ቤት ገብታ ወደቀች። አያቴ በጨርቅ ያዟት። (በባዶ እጅ አይነካም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች።) ክንፏን ቀስ ብለው ዘረጉት። ላባ የሚባል የለም። አራት ቀጫጭን ረጃጅም ጣቶች፣ በመሃላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ። አውራ ጣቷ ብቻ ለብቻዋ ወጥታ ጥፍር አላት። «እጅ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

እውነትም እጅ ነው። ትወልዳለች፣ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ልጅ፤ ታጠባለች። ከአጥቢዎች ሁሉ በክንፍ እየቀዘፈች የምትበረው እሷ ብቻ ናት። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዝርያ አላት። ደግሞ የሚገርመው፣ በዘር ሐረግ ከአይጥ ይልቅ ለፈረስና ለውሻ ትቀርባለች። አይጦቹ ፍርድ ቤት ቢገትሯት ይሸነፉ ነበር።

አሁን አሁን ግን ተረቱን ግብሩን አውጥተን ጥለንበታል። «እስኪ ላስብበት» ያለ ሁሉ የሌሊት ወፍ ይባላል። እናትና አባቱ ከተለያየ ወገን የሆኑ ሰው እንኳ አይቀርለትም። እሱ ምን ሸሸ? የማንን ዕዳ በላ?

ከስብሰባው በኋላ የመዋጮ ደብተሩን አገላበጥኩት። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ያለውን ከፍሏል። ሰውዬው የሦስት ወር ውዝፍ አለባቸው።