ኩታ ገጠም እርሻ ምንድን ነው?

ኩታ ገጠም እርሻ ማሳቸው የሚዋሰን አርሶ አደሮች በአንድ የምርት ዘመን አንድ ዓይነት ሰብል በተቀራረበ ቀን ዘርተው፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ተንከባክበው፣ አንድ ላይ ሰብስበው የሚሸጡበት አሠራር ነው። መሬት መቀላቀል የለበትም። የይዞታ ደብተሩ በየባለቤቱ ስም ይቆያል፤ ከየማሳው የወጣውም ምርት የየራስ ነው። በደርግ ዘመን የነበረውን፣ መሬት የጋራ የሆነበትን የአምራቾች ማኅበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነውና፣ የልማት ሠራተኛው ሌላውን ሁሉ ከማውራቱ በፊት ይህን ቢያጠራ ይሻለዋል።

ሐሳቡ የመንግሥት ዕቅድ ሆኖ የተደራጀው በ2003 ዓ.ም. በተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ በዛሬው ኢንስቲትዩት፣ በኩል ነው። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ የቢራ ገብስና ሰሊጥ ዋና ሰብሎቹ ናቸው። አንድ ቡድን ከ30 እስከ 200 አርሶ አደሮች ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቢያንስ ሩብ ሄክታር ያስገባል። የተፈለገው ፋብሪካውን ከማሳው ጋር ማገናኘት ነው፤ ዱቄት ፋብሪካ ከሺህ ደጃፍ ሁለት ሁለት ኩንታል ቅይጥ ስንዴ እየለቀመ አይኖርም።

ጥቅሙ በወሰኑ ይጀምራል። 50 በ50 ሜትር የሆነ ማሳ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ሳይታረስ ቢቀር 99 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከመሬቱ 4 በመቶ ገደማ ይባክናል፤ የአረምና የአይጥ መኖሪያም ይሆናል። ወሰኑ ሲታረስ ግን በየማዕዘኑ ድንጋይ መቅበርና ጎረቤቶቹን ማስማማት ግድ ነው፤ አለበለዚያ ትርፉ ለፍርድ ቤት ምልልስ ይሆናል። ኮምባይነርም (አጭዶ የሚወቃው መኪና) እንዲሁ ነው፦ ባለቤቱ ለአንድ ጥማድ ሲል ከዋናው መንገድ አይወጣም፣ ለ40 ሄክታር ግን ይመጣል።

እነዚያ 40 ሄክታር ስንዴ ናቸው እንበል። በሄክታር 150 ኪሎ ከተዘራ 60 ኩንታል ምርጥ ዘር ያስፈልጋል፤ ከመዝሪያው ሳምንት በፊት በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን መድረስ አለበት። ዘሩ ከዘገየ ግማሹ አባል የቤቱን ዘር ይዘራል፣ ግማሹ ይጠብቃል። ያኔ አንዱ ማሳ ሲደርስ ሌላው እሸት ስለሚሆን ኮምባይነሩ ሁለት ጊዜ መጠራት አለበት። በወረቀት ላይ ኩታ ገጠም ተብለው የሚቆጠሩ ብዙ ማሳዎች እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ጎረቤታሞች ስንዴ ዘሩ እንጂ አብረው አልሠሩም።

የቢራ ገብስ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። ብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ያልበለጠ፣ ሲዘፈዘፍ የሚበቅል ገብስ ነው። አንድ አባል ምርት ይጨምርልኛል ብሎ ዩሪያውን ቢያበዛ ወይም አዘግይቶ ቢጨምር ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፤ ሌላው የምግብ ገብስ ቢቀላቅል ወይም እርጥብ እህል ቢከምር ብቅልነቱ ይበላሻል። ናሙናው የሚወሰደው ከጭነቱ ነውና የአንዱ ጥፋት የሁሉንም መኪና ያስመልሳል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት የየአባሉን ገብስ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ዋነኛው አደጋ ግን ከጥቅሙ ጋር ከአንድ ምንጭ ይወጣል፤ እሱም አንድ ዓይነትነት ነው። ዋግ የሚባለው የስንዴ ፈንገስ ዘር በነፋስ ይጓዛል። በ2002/03 መኸር ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘሩ የነበሩትን የስንዴ ዝርያዎች ኩብሳንና ገለማን መታ። አርሶ አደሩ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ፤ በ2005/06 ደግሞ ዲገሉን በባሌ አካባቢ የግንድ ዋግ ጨረሰው። ስለዚህ ሙሉ ኩታ ገጠሙን በአንድ ዝርያ ከመሸፈን እያንዳንዱን ዝርያ በየጎኑ አድርጎ ሁለት ሦስት መዝራት ይሻላል፤ አጨዳውም አይቀላቀልም። ፀረ ፈንገሱም ቀድሞ ይገዛ፦ እንደ ቲልት ያለው በሄክታር ግማሽ ሊትር ቢረጭ ለ40 ሄክታር 20 ሊትር ይበቃል። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ሲታይ በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም ካልረጨ፣ ያልተረጨው ማሳ የተረጨውን መልሶ ይበክላል።

ከዚያ ሽያጩ አለ። በሄክታር 40 ኩንታል ቢገኝ 1,600 ኩንታል በአንድ ሳምንት ይወርዳል፤ እያንዳንዳቸው 400 ኩንታል የሚጭኑ አራት ተሳቢዎች ማለት ነው። ገዢ ካልተያዘ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ስለወጣ ከዘር በፊት በጽሑፍ መዋዋል ይቻላል፤ ውሉ ላይ መጠኑ፣ እርጥበቱ (ለስንዴ 13 በመቶ ገደማ)፣ የማን ሚዛን እንደሚመዝንና ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም ይጻፍ። ስንዴ ቢያንስ መጋዘን ይጠብቃል። ቲማቲም አይጠብቅም፤ ስለዚህ በቲማቲም ኩታ ገጠም በአንድ ቀን ትከሉ የሚለው ደንብ ይገለበጣል፣ ቡድኑ በሦስት በአራት ተከፍሎ በሁለት ሳምንት ልዩነት ይተክላል።